ጺም የሌላቸው ቢምቢዎች

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ዛሬም ያው። ወንፊት፣ ውሃ፣ ጎባጣ። የምናረባው የቢምቢ እጭ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ኩርምት ስለሚል ጎባጣ ነው የምንለው። "ጎባጣ ስንለይ ውለን እኛው ጎበጥን" አሉ እማማ ቀለብ። ሳቅን። አለቃችን ዶክተሯ ብቅ ስትል ጸጥ።

እማማ ቀለብ እጮቹን ስለሚመግቡ ነው እንዲህ የሚባሉት። እጄን ይዘው እዚህ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ባይሆኑ ኖሮ እኔን ማን ያየኝ ነበር? ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ...

ስመለስ ባለሱቁ፣ "የቢምቢ እናት! ዛሬ ስንት ወለድሽ?"

"አንተ ከምታወራው ያንሳል!" አልኩት። አፌ ነው እንጂ ልቤ የዶሮ ነው።

እህቴ እግሯ አብጧል። ሰባት ወሯ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ መንገድ ላይ ነው፣ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ። ከአጎበሩ ቀንም አትውጪ ስላት "ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ" ትላለች። ምን ላድርግ? ይሄኛው ቢምቢ በቀን ነው የሚነክሰው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ቢምቢው በሚያመጣው ትኩሳት ወድቋል። አጥንቴን፣ አጥንቴን ሲል ይሰማናል። እሱን የነከሰች ቢምቢ ግድግዳውን ለመዝለል ምን ያህል ይፈጅባታል?

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ዛሬ ቢምቢ ለመልቀቅ ሰው ለማስፈቀድ ቤት ለቤት ዞርኩ። ዶክተሯ ናት የላከችኝ፣ "አንቺ የሰፈር ልጅ ነሽ፣ ይሰሙሻል" ብላ። እኔን? እኔ እኮ ታክሲ ውስጥ ወራጅ ለማለት ድምፄ የማይወጣ ሰው ነኝ።

ታችኛው መንገድ ላይ ሰማያዊ በር ያላት ሴትዮ ልጇን አዝላ ወጣች። ጎረቤቶቿም ተከትለው ወጡ።

"ሰው ቢምቢ ይገድላል፣ እናንተ ታረባላችሁ? ጤነኞች ናችሁ?"

"ወንድ ወንዱን ብቻ ነው የምንለቀው። ወንድ አይነክስም።"

"እስቲ የማይነክስ ወንድ አሳዪኝ!" አለች አንዷ ከኋላ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ።

"ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው የሚለቀቁት?"

"መካን አድርገናቸዋል። የሰፈሩን ሴት ቢምቢ ያገባሉ፣ እንቁላሏ አይፈለፈልም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘሯ ይጠፋል።"

"አይ ምስኪን!"

"ማን?"

"ሴቷ ናታ! በትዳሯ ተታላ..."

አሁንም ሳቅ። ባለ ሰማያዊ በሯ ግን አልሳቀችም። እስቲ ማይልኝ አለችኝ። በምን ልማል? "እቤት ነፍሰ ጡር እህት አለችኝ አላልሽም? በሷ ማይ።"

በእህቴ ሆድ ማልኩላት። እውነት ነው፣ ምን አለው? እሺ ልቀቁ አለች። ሌሎቹም እሷን አይተው እሺ አሉ።

ስመለስ ግን መሐላውን መልሼ መላልሼ አሰብኩት። ሰው በሆድ ውስጥ ባለ ልጅ ይምላል?

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

እማማ ቀለብ ዛሬ አልቀለዱም። ባለፈው ወር ለእጮቹ ምግብ አብዝተው ውሃው ገማ፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ እጭ አለቀ። ዶክተሯ አልተቆጣችም፣ ዝም ብላ ነው ያየችው። እሱ ነው የባሰባቸው። ከዚያ ወዲህ ማንኪያዋን ሲያነሱ እጃቸው አያምንም። ያነሳሉ፣ ያያሉ፣ ግማሹን ይመልሳሉ።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬ ወንፊቱ ጉድ ሠራ! ሁልጊዜ ትንንሾቹ ወንዶች ከታች ይወርዳሉ፣ ትልልቆቹ ሴቶች ከላይ ይቀራሉ፣ ሴቶቹን እንደፋለን። ዛሬ ከታችኛው መደርደሪያ የመጣው ሁሉ ሾልኮ ወረደ። ከላይ የቀረው ከቁጥር የማይገባ። "ወንድ በወንድ ሆንን!" እያልን ጮህን። ሹፌሩ እንኳን መጥቶ አየ። "ዓርብ መኪናዬ ሞልቶ ይወጣል በሉኛ!"

እኔም ጮህኩ። ምን አባቴ አስጮኸኝ?

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዶክተሯ መጀመሪያ ስታስተምረን ምን ነበር ያለችው? የተራበች ሴት ወንድ ታክላለች። ካልጠገበች አታድግም፣ አንሳ ከወንዶቹ ጋር ትሾልካለች።

ታችኛው መደርደሪያ የማን ነው? የእማማ ቀለብ።

አይ... አይሆንም። እኔ ድሮም ነገር መጠርጠር እወዳለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

መካን ከሚያደርጋቸው ማሽን የወጡት ጎባጣዎች ክንፍ አውጥተው በመረብ ሳጥኑ ውስጥ ይበራሉ። ዶክተሯ ዛሬ መረመረች። ከላይኛው መደርደሪያ ከመጣው ሳጥን አንድ ኩባያ አውጥታ በማጉያው አየች፣ ጥሩ ነው ብላ ሄደች። ከታችኛውስ? ዶክተር፣ ከታችኛውም ይዩ... ልል ነበር፣ ወንፊቱን ማጠብ ጀመርኩ።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። የእጅ ማጉያውን አነሳሁ። ወንዱ ግንባሩ ላይ ላባ የመሰለ ነገር አለው፣ ጺም ነው የምንለው። ሴቷ የላትም።

የመጀመሪያው ጺማም። ሁለተኛው ጺማም። ሦስተኛዋ... ልሙጥ።

ዓይኔ ነው ብዬ አሸሁት። ሌላ ሳጥን አየሁ። እዚያም አለች። ተኮፍሳ መረቡ ላይ ተቀምጣለች፣ ጺም የላት፣ ምን የላት።

መካን ናት፣ አትወልድም። ግን ትነክሳለች። የታመመ ነክሳ ጤነኛውን ትነክሳለች። እኔ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ አይነክሱም ብያለሁ። ምዬ!

ማንን ልንገር? ለዶክተሯ ከነገርኩ እማማ ቀለብ አለቀላቸው። ከዚህ ቀደምም አንድ ጊዜ ተሳስተዋል።

እህቴ እራት አልበላ ስላት አየችኝ። "ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ወገቤን ነው።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ለእማማ ቀለብ ለራሳቸው ነገርኳቸው። ሳህን የምናጥብበት ጋ ወስጄ፣ ውሃውን ከፍቼ፣ በጆሯቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ቧንቧውን ያዙ።

"ስንት አየሽ?"

"አልቆጠርኩም። ግን አሉ፣ እማማ።"

"ጥቂት ናቸው በይ። ጥቂት ነው አይደል? በዚያ ሁሉ ወንድ መሃል ምን ትሠራለች? ወፍ ይለቅማታል።"

"እማማ፣ እህቴ..."

"አንቺስ ልጄ አይደለሽም? እኔስ እናትሽ አይደለሁም?" ቧንቧውን ዘጉ፣ መልሰው ከፈቱ። "እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው። ማንኪያውን የቀነስኩት እንዳይሞቱብኝ ብዬ እኮ ነው። ነገ ይለቀቁ። ከነገ ወዲያ አስተካክላለሁ። ዝም በይልኝ የኔ ልጅ። አንድ ጊዜ።"

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። እጃቸው እርጥብ ነበር፣ እጄን ሲይዙ በረደኝ።

ነገ ከመኪናው ጋር የምሄደው እኔ ነኝ፣ ሰዎቹ ስለሚያውቁኝ። ከሚለቀቅባቸው መንገዶች አንዱ የኛ ነው። እህቴ ጠዋት በር ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች...

ዓርብ፣ ግንቦት 16

አደረግሁት። ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም። ነገ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

እንደሆነው ልጻፈው።

ትናንት ጠዋት ሳጥኖቹን ጫንን። ሮዝ ዱቄት ነስንሰንባቸዋል፣ በኋላ ወጥመድ ውስጥ ሲገቡ የኛ መሆናቸው እንዲታወቅ። ሹፌሩ እያፏጨ ነው። የኛ መንገድ መታጠፊያ ስንደርስ፣

"በዚህ አትግባ፣ ለቧንቧ ተቆፍሯል" አልኩት።

ውሸት። የተቆፈረ ነገር የለም። አመነኝ፣ ቀጥ ብሎ ነዳ። ተነፈስኩ! እህቴ ተረፈች ብዬ። እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ እግዜር ያየኛል፣ እንዲህ ብቻ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ታችኛው መንገድ ገባን። ማራገቢያው ተከፈተ፣ ቢምቢዎቹ በቱቦው መውጣት ጀመሩ። ባለ ሰማያዊ በሯ ሴትዮ በር ላይ ቆማለች። ልጇን ታቅፋለች፣ ክንዱ እርቃኑን ነው፣ ድንቡሽ ያለ። እኔን ስታይ የልጁን እጅ አንስታ አወዛወዘችልኝ። "ወንዶቹ መጡ! በል ቻው በላቸው!"

አንዷ ትከሻው ላይ አረፈች። ሮዝ ነገር። ጺም ይኑራት አይኑራት ከዚያ ርቀት እንዴት ይታያል? እናቱ እየሳቀች እፍ አለቻት።

"አቁም!" አልኩ።

"ምን?"

"አቁመው! ዝጋው! ሴት አለበት!"

ሹፌሩ ዞሮ የኋላውን ወንበር አየ። "የታለች? ማናት የገባችው?"

"ቢምቢው! ቢምቢው ውስጥ ሴት አለበት!"

ዘጋው። ግማሽ መንገድ ለቀናል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ሹፌሩ ሳያፏጭ መለሰን።

ዶክተሯ በር ላይ ጠበቀችን። ስነግራት አልጮኸችም። ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከየሳጥኑ እያወጣች በማጉያው አየች፣ አየች፣ አየች። ከዚያ "ሁሉንም ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ" አለች። ቢምቢ ሲበርደው እንደሚሞት አውቃለሁ ግን ሳጥኑ ውስጥ እንዲያ ጸጥ ሲሉ...

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ።

"ከረቡዕ።"

"ረቡዕ እዚሁ ነበርኩ እኮ። ሦስት እርምጃ ላይ።"

ፈራሁ አልኩ። እኔም ብሆን እፈራ ነበር አለች፣ ግን ፈርተሽም ቢሆን ንገሪኝ። "ታችኛውን መደርደሪያ የመገበው ማነው?" ስትል መሬት መሬት አየሁ።

"እኔ ነኝ" አሉ እማማ ቀለብ። ሽርጣቸውን አውልቀው አጣጠፉት። "ማንኪያውን ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ዝም በይ ያልኳትም እኔ ነኝ።"

ዶክተሯ ሽርጡን አንስታ መልሳ አስያዘቻቸው። ከእንግዲህ ማንኪያው በሚዛን ይሆናል፣ ሁለት ሰው ያየዋል አለች። እኔም አንዱን ሳጥን ብቻ ማየቴ ጥፋት ነው አለች።

ከሥራ ስንወጣ ሮጬ ደረስኩባቸው። "እማማ..."

"ቃል ሰጥተሽኝ ነበር" አሉኝ። ሁልጊዜ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው ነው የሚያስቀምጡኝ። ትናንት ግን ብቻቸውን ፊት ወንበር ገቡ።

እሁድ፣ ግንቦት 18

ለእህቴ ነገርኳት። የኛን መንገድ መዝለሌን ጭምር። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር?

ሆዷን ያዘች።

"ለኔ ብለሽ ነው።"

"ለአንቺ ነው።"

"የዚያችኛዋስ ልጅ? የሷ ከሆድ ስለወጣ ነው?"

ተነስቼ ደጅ ወጣሁ። በኋላ ግን ጠራችኝ፣ ራሴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ፀጉሬን ነካካችኝ። ፀጉሬን እየነካካች "በልጄ ምለሻል አሉ" አለችኝ። ማን ነገራት? ሰፈር ምን ይደበቃል!

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ታችኛው መንገድ ዛሬ በእግራችን ወረድን፣ እኔና ዶክተሯ። በየግቢው ማራገቢያ ያለው ወጥመድ ሰቀልን። ውሃ ያለበትን በርሜል ክደኑ፣ ልጆቹን ቀንም በአጎበር አስተኙ፣ ያተኮሰው ሰው ቶሎ ይመርመር። ይህን ነው የምንለው። ግን መጀመሪያ፣ አይነክሱም ብዬ ነበር፣ ተሳስተናል፣ የሚነክሱ አሉበት። ይህን የምለው እኔ ነኝ። ዶክተሯ እኔ ልናገር ብትለኝም እኔው የማልኩ እኔው ልናገር አልኳት። ድፍረቱን ከየት አመጣሁት?

አንዷ ውሃ ደፋችብኝ፣ በስህተት ነው አለች። ያቺ የማይነክስ ወንድ አሳዪኝ ያለችው "አላልኳችሁም?" ብላ ሰው ሰበሰበች።

ባለ ሰማያዊ በሯ አዳመጠችኝ። እስከ መጨረሻው። ከዚያ፣

"እህትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"እናንተ መንገድ ላይ አልተለቀቀም አሉ።"

በሩን ዘጋች። አላላተመችውም፣ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ዓርብ፣ ግንቦት 23

ወጥመዶቹን አራገፍን። ሮዝ ጺማሞች ብዙ። ሮዝ ልሙጦችም አሉ፣ በጣት የሚቆጠሩ። ስንቷ ውጪ ቀረች? ዶክተሯ ብዙም አይኖሩም፣ ይሞታሉ አለች። ብዙም የማይኖር ነገር ስንት ቀን ይኖራል?

ማታ ማታ እግሬን ትነክሰኛለች እያልኩ እነቃለሁ። ስደባብሰው ባዶ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 26

ልጁ አተኮሰው።

ባለሱቁ ነው የነገረኝ፣ ዛሬ አልቀለደም። "የባለ ሰማያዊ በሯ ልጅ ታሟል አሉ።" የያዝኩት ዳቦ ከእጄ ወደቀ።

ሮጥኩ። ጤና ጣቢያው መተላለፊያ ላይ አገኘኋት፣ ልጁ ትከሻዋ ላይ ያለቅሳል፣ ጉንጩ ቀልቷል። ደም ወስደዋል፣ ውጤት እየጠበቀች ነው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሂጂ አላለችኝም። ነይም አላለችኝም።

ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ፣ "ያን ቀን ትከሻው ላይ ያረፈችው... ሴት ናት ወንድ?"

ወንድ ነው ብላት? አንዲት ቃል ናት። ሳልምል እንኳን ታምነኝ ነበር።

"አላውቅም" አልኳት። "እውነቴን ነው፣ አላየሁም።"

አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ከመሃላችን አንስታ መሬት ላይ አደረገችው።

ነርሷ ስትወጣ ሁለታችንም ተነሳን። ያ ትኩሳት አይደለም! ጆሮው ነው፣ ጆሮው መግል ይዟል፣ መድኃኒት ሰጡት። ሴትዮዋ አለቀሰች። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ወጥመዶቹ ውስጥ ሮዝ የለም። አንድም። ከታችኛው መንገድ አዲስ የታመመ የለም። ልብስ ሰፊውም ተነስቷል፣ ዛሬ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ሰማን። እህቴ "የምጥ ያህል ያቃሰተው ሰውዬ ወለደ ማለት ነው" አለች። ሳቅሁ... ከስንት ጊዜ በኋላ።

እማማ ቀለብ አሁንም አያናግሩኝም። ማንኪያቸውን በሚዛን ይለካሉ፣ እኔ አያለሁ፣ ልክ ነው እላለሁ፣ ያስገባሉ። በቃ። ቀኑን ሙሉ "ልክ ነው" ብቻ። ይሄም ንግግር ከተባለ።

ዓርብ፣ ሰኔ 21

ዛሬ እንደገና ለቀቅን።

ዶክተሯ እያንዳንዱ በር ካልፈቀደ አንድም አይለቀቅ ስላለች መጀመሪያ በእግር ወረድን። አንድ ሳጥን ይዘናል፣ ለማሳየት። እማማ ቀለብ መኪናው ውስጥ ቀሩ፣ መስኮቱ ክፍት ነው።

ባለ ሰማያዊ በሯ ወጣች። ጎረቤቶቿም ወጡ፣ እንደዚያኛው ጊዜ።

"ይሄኛውስ? አይነክስም?" አለች።

"ከየሳጥኑ እያወጣን አይተናል። ሴት አላገኘንም።"

"ማይልኝ አልልሽም" አለች።

"ብትዪኝም አልምልም።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብኩና የሳጥኑን መረብ ከፍቼ ክንዴን አስገባሁ። ዶክተሯ ስሜን ጠራች፣ አልሰማኋትም። እኔ ነኝ! ሸረሪት ሳይ አልጋ ላይ የምወጣው እኔ! ይበራሉ፣ ያርፋሉ፣ ክንዴ ላይ ይሄዳሉ፣ እንደ ፀጉር ነው የሚነካኩት። አሁን ትነክሰኛለች አልኩ። አሁን። ይሄን ሳጥን የመገቡት እማማ ቀለብ ናቸው፣ ማንኪያውን ያየሁት እኔ ነኝ... አሁን።

ማንም አልሳቀም። ያቺ ቀልደኛዋ እንኳን "እነሱም ፈሯት" አለች በቀስታ።

"አውጪው" አለች ባለ ሰማያዊ በሯ። ክንዴን ይዛ ወደ ብርሃን አዙራ አየች። ከላይ። ከታች። በአውራ ጣቷ ዱቄቱን ጠረገችልኝ። "እሺ፣ ልቀቁ" አለችና ልጇን ለማስተኛት ገባች። አጎበሩን ስትዘረጋ በመስኮት አየሁ። አምናኛለች ማለት አይደለም። ልቀቁ ማለት ነው። ይበቃኛል።

መኪና ውስጥ ስገባ ከፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው። እማማ ቀለብ ከኋላ ሆነው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው ቦታ ለቀዋል። ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ማፏጨት ጀመረ።

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው፣

"ያሳክክሻል?"

"አያሳክከኝም፣ እማማ።"

"እኔን ግን ሲያሳክከኝ ነበር" አሉ። ክንዳቸውን እያሹ።